ከመሀል ወደ ዳር

ሶፋ ሰሪዋ እድሜዋን ሙሉ ቆዳና ጨርቅ ስትወጥር ኖራ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ የአባቷን አሮጌ ፒክአፕ ሞተር በገዛ እጇ ልታድስ ተነሳች። ስድስት ዓመት የቆመ መኪና ነው። መካኒክ የሆነው ታናሽ ወንድሟ መጀመሪያ ሳቀባት፤ በኋላ ግን እሑድ እሑድ ጋራዡን ከፍቶ አብሯት ይውል ጀመር።

የመጨረሻው እሑድ ላይ ቴስታታውን፣ ያንን ከባድ የሞተር ክዳን፣ ለሁለት ተሸክመው ቦታው ላይ አሳረፉት። አስሩን ብሎኖች በእጇ አስገባቻቸው።

«እስቲ ከየትኛው ትጀምሪያለሽ?» አላት ሊፈትናት።

«ከመሀል ነዋ! ቆዳም ከጫፍ ከተወጠረ መሀሉ ያብጣል።»

ወንድሟ በመገረም ሳቀ። «ማን ነገረሽ? የጥገና መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው! ብቻ በአንዴ እንዳትጨርሺው፤ በሦስት ዙር ነው።»

ከመሀል ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቀች ሦስት ጊዜ ዞረች። በመጨረሻው ዙር የጥብቀቱን ልክ የሚለካው መፍቻ ልኩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ!» ባለ ቁጥር ልቧ አብሮ ይዘላል።

«ትንሽ ልጨምርበት?»

«ኧረ በሞቴ እትዬ! ቀጭ ካለ በቃው። ከዚያ በላይ ብሎኑን መበጠስ ነው።»

የቀረውን ገጣጥመው፣ ዘይትና ውኃ ሞልተው ሲያበቁ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ሁለቴ አጉረመረመና ተነሳ! ወንድሟ የሚያፈስ ነገር እንዳለ በእጅ ባትሪ ዙሪያውን ፈተሸ።

«እትዬ፣ ደረቅ ነው! ጠብታ የለም!»

እሷ መሪውን ይዛ በደስታ ጮኸች። «ኮፈኑን ዝጋና ግባ! የአባባ ቤት በር ላይ ሄጄ ጡሩንባ ካልነፋሁ ዛሬ አላርፍም!»