ያልጠራሁት ደቦ

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ዕድሜዬ ስልሳ ስድስት ነበር። ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ውሃ በተኛበት ማሳዬ ሩዝ ሳርም ሰንብቼ፣ ማታ ማታ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። የውሃው ብርድ ነው አልሁ። ሳሉም መጣ። እሱንም ብርድ አልሁት። ጎረቤቶቼ ሐኪም ቤት ሂድ ቢሉኝ፣ ፎገራ ላይ በክረምት የማይስል ማን አለ ብዬ መለስኋቸው።

መስከረም ላይ ደም ተፋሁ።

ከእኔ ጋር የምትኖረው የልጅ ልጄ ወርቄ ናት። ስምንተኛ ክፍል ገብታ ነበር። ደሙን አይታ ለማስተዋል ነገረች። ማስተዋል የቀበሌያችን የወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናት፤ ማኅበሩ የታመመ ይጠይቃል፣ ከትምህርት የቀረ ልጅም ይመልሳል። በባጃጅ ወረታ ከተማ ሐኪም ቤት ወስዳ አስመረመረችኝ። አክታ ሰጠሁ። ሐኪሙ አልሸፋፈነም።

«የሳንባ ቲቢ ነው፣ አባባ። ስድስት ወር ሳያቋርጡ ከዋጡ ይድናሉ። ካቋረጡ ይብሳል።»

ወርቄም ተመረመረች። የለባትም አሉኝ። ያን ጊዜ ተነፈስሁ።

መድኃኒቱ ሽንቴን አቀላው። ደነገጥሁ፤ ጠባዩ ነው አሉኝ። ምግብ አስጠላኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ኅዳር ገባ። ሩዙ ደረሰ። ልጨድ ብዬ ጎንበስ ስል ዓይኔ ጨለመ። ሩዝ ደግሞ ካለፈበት ይረግፋል። ወርቄን ከትምህርቱ ቅሪ አልኋት። ደብተሯን አስቀምጣ ማጭዱን አነሳች።

ማስተዋል ይህን ሰምታ መጣች። ማኅበሩ በደቦ ሊያጭድልኝ እንደሆነ ነገረችኝ። እምቢ አልሁ። በእኛ አገር ደቦ የጠራ ሰው ያበላል፣ ጠላ ያጠጣል፤ ሳያበሉ ማሠራት ልመና ነው። የሚጠምቅልኝ የለ፤ ቢጠመቅስ ከሚያስል ሰው ቤት ማን ይጠጣል?

«አያ ቢሻው፣ ድግሱ ይቆየን» አለች። «ሲድኑ ይደግሱልናል።»

«ምን ልደግስ?»

«ትምህርት ቤት ሰልፉ ፊት ቆመው ሕመምዎን ይናገሩ። ቤቱ የሚያስል ሰው ያለበት ልጅ ሁሉ ይደብቃል። እኛ ብንናገር የልጅ ወሬ ነው ይሉናል።»

«ከዚያስ በሬዬን ባርድ ይሻለኛል።»

«በሬዎ ለእርሻ ይቆይዎ።»

ወርቄን አየኋት። ማጭዱን ትስል ነበር። እሺ አልሁ።

ቅዳሜ የማኅበሩ ልጆች ለአጨዳ መጡ። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ አንዱን የኮሌጅ ተማሪ ማጭዱን እንደ እስክሪብቶ ነው የያዝኸው ብዬ ብቆጣው፣ «አያ፣ ሳልዎ ቀንሷል፤ ስድብዎ ግን በርትቷል» አለኝና ማሳው ሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ወርቄ ከትምህርቷ ሳትቀር፣ ከማኅበሩ አንዱ ጧት ጧት በደጄ ሲያልፍ «ዋጡ ወይ?» እያለኝ፣ ሳሉ እየራቀ፣ እንጀራም እየጣመኝ ሄዶ፣ በየካቲት ወረታ ገበያ በእግሬ ደርሼ ለመመለስ በቃሁ።

የምታስሉ ሰዎች፣ ብርድ ነው አትበሉ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታችሁን አስመርምሩ። ሲሻላችሁ መድኃኒቱን አትተዉ። የሚያግዝ ሲመጣ እንደ እኔ አትግደርደሩ። ማስተዋልንና ጓደኞቿን እግዜር ያክብርልኝ፤ የወርቄን ደብተር የመለሱላት እነሱ ናቸው።

መጋቢት ላይ ሐኪሙ አክታዬን ደግሞ አይቶ «ድነዋል» አለኝ። በማግሥቱ ጧት የታጠበ ጋቢዬን ለብሼ፣ ባንዲራ ሲሰቀል ትምህርት ቤት ደረስሁ። ወርቄ ከክፍሏ ልጆች ጋር ተሰልፋለች። ፊታቸው ቆምሁ።

«ቢሻው እባላለሁ» አልሁ። «ቲቢ ይዞኝ ነበር። የደቦ ድግስ አለብኝና ስሙኝ።»