ውሃው ያልተደፋው ቦይና

እናቴ ኩሩ ነበረች። በጥጋቡ ዘመን ኩራቷ ያምርባት ነበር፤ በረሃቡ ዘመን ግን አንድ ልጅ በላብን። ጥፋቱ የእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩት።

ጣልያን ወላይታ ሶዶ በገባበት ዓመት አባቴ ከዘመተበት አልተመለሰም። ገባሮቻችንም ነፃ ወጣችሁ ተብለው ጤፉንና ማሩን ማምጣት ተዉ፤ ምን ቆርጧቸው ያመጣሉ! ጎታችን ተጠርጎ አለቀ። የሁለት ዓመቱ ወንድሜ ከተቅማጥ ገና መነሳቱ ነበር። ሆዱ እህል ካላገኘ እንደማይተርፍ እኔ የዘጠኝ ዓመቷም አውቅ ነበር።

አንድ ጠዋት የቀድሞ ገባራችን ሚስት በቅርጫት ቦይና ይዛ መጣች። ቦይና ጎደሬ የሚሉት ሥር ነው፤ ወላይታው በየጓሮው ይተክለዋል፣ እኛ ቤት ግን «የገባር ምግብ» እየተባለ ደጃፋችንን አልፎ አያውቅም። ሴትዮዋም እንደዚያው። ስንት ዓመት ስትመላለስ ያመጣችውን ከደጃፍ አስቀምጣ ነው የምትሄደው፤ ማድ ቤታችንን የረገጠችበት ቀን የለም። ያን ቀን እንኳ እናቴ ግቢ አላለቻትም። ሴትዮዋ ቦይናውን ደጃፍ ላይ አራግፋ ወንድሜን ትክ ብላ አየችውና በወላይትኛ ተናገረች። እስኪፈራርስ ይቀቀል፣ ውሃው ይደፋ፣ ያልበሰለው ጉሮሮ ይይዛል፣ ለሕፃኑማ ተጠንቀቁ አለች።

እናቴ አሥራ ሁለት ዓመት እዚያ አገር ኖራ አንዲት ቃል አልለመደችም። ወደ እኔ ዞራ ምን እንደምትል ጠየቀችኝ።

እኔ ደግሞ ቂም ይዣለሁ። በዚያው ሳምንት ከጎረቤት ልጆች ጋር በወላይትኛ ስጫወት አግኝታኝ በርበሬ አጥናኛለች፤ ዓይኔ ገና ያቃጥለኛል። ይህን ቋንቋ ከአፍሽ እንዳልሰማ ያለችው ራሷ አይደለች? እልህ ያዘኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

እናቴ ቦይናውን ስትልጥ እጇን አሳከካት፤ አፈሩ ነው ብላ ታጠበች። ከትፋ ቁሌት ውስጥ ጨመረችው። እንጨቱም ጥቂት ነበርና ቢላ ሲገባለት በቃው ብላ አወረደችው። በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። አሁን ብናገር መዋሸቴ ይታወቃል፣ ያ በርበሬ ደግሞ አለ። ዝም አልኩ።

መጀመሪያ ወንድሜን አጎረሰችው። ርቦታልና ሦስት ጉርሻ ሳያላምጥ ዋጠ። ከዚያ ጮኸ። ከንፈሩ አበጠ፣ ለሃጩ ይዝረበረብ ጀመር። እኔም ቀመስኩት፤ ምላሴን ሳማ የለበለበው መሰለኝ። እብጠቱ በማግስቱ ጎደለ፣ እሱ ግን አፉን ገጥሞ ቀረ። ወተት ተለምኖ መጣ፤ አልከፍትም አለ። በአራተኛው ቀን ሞተ።

ለቅሶው ላይ ሴትዮዋ መጣች። እናቴ እጇን ይዛ ማድ ቤት አስገባቻት። ሴትዮዋም ለለቀስተኛው ቦይና ጥዳ ከእሳቱ ሳትለይ ግማሽ ቀን ቀቀለችው፤ ውሃውን ሁለት ጊዜ ደፋችው። እናቴ የሚደፋውን ውሃ አይታ ስታበቃ እኔን ጠራችኝ።

«እውነቷን ንገሪኝ፤ ያን ቀን ምን ነበር ያለችኝ?»

«ሕፃኑን እግዜር ይማረው ነው ያለችው» አልኩ።

እናቴ የሴትዮዋን ጉልበት ይዛ አለቀሰች። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት እኔን ታየኛለች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ነቅዟል። ከዚያ ወዲያ እናቴ ቦይና በጣደች ቁጥር፣ ውሃውን ስትደፋ፣ «ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ግቢና አሳዪኝ ብላት ምን ነበረበት» ትል ነበር። እስክትሞት ድረስ እንዲህ እንዳለች ኖረች። አንድም ቀን አንቺ አይደለሽም አላልኳትም።