ወንድሜን ጉና ላይ ወደ ገደል ስጠራው

ዛሬ ጠዋት ጉና ተራራ ላይ፣ ጉም ውስጥ ቆሜ፣ የወንድሜን ስም አንድ ሰዓት ያህል ስጠራ ነበር። መልስ የለም።

ከደብረ ታቦር የወጣነው ትናንት ነው፤ ተራራው አናት አካባቢ ያሉትን ትንንሽ ሐይቆች ለማየት። ሌሊቱን በድንኳን አደርን። ሲነጋ ወንድሜ ሀብታሙ ውኃ ሊቀዳ ቅርብ ወዳለው ሐይቅ ሄደ፤ ወዲያው ጉሙ ወረደ።

ስደውልለት ስልኩ ድንኳኑ ውስጥ ጠራ። (ካሜራውን ግን አልረሳም።)

ድምፄ ሊዘጋ ሲል አንድ አዛውንት ገበሬ ብቅ አሉ። ጊደር ጠፍታባቸው ፍለጋ ወጥተው ነው።

«ማንን ነው የምትጠሪ፣ ልጄ?»

«ወንድሜን፣ አባባ። ሐይቁ ጋ ነው ያለው።»

«በይ ዝም በይ። መንገዱ ገደሉን ዞሮ ነው የሚሄድ። ድምፅሽን ተከትሎ በቀጥታ ከመጣ ይገባበታል።»

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ወደ ሞት ስጠራው ኖሯል።

እጄን ይዘው ገደሉን አዞሩኝ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ለእናታችን ምን ብዬ እንደምነግራት ነበር።

ማዶ ስንደርስ «አሁን ጥሪው» አሉኝ። ጠራሁት። ከቅርብ መለሰ።

ገደሉ አፋፍ ላይ ባዶ ጀሪካን አቅፎ ተቀምጧል።

«ስትጠሪኝ እሰማ ነበር» አለኝ። «ወዳንቺ ስመጣ አንድ እግሬ መሬት አጣ። ከዚያ ወዲያ፣ ብመልስልሽ ትመጫለሽ ብዬ ፈራሁ።»

አሁን ከተራራው ወርደን ገሳይ ከተማ ደርሰናል። እሱ እንቅልፍ ወስዶታል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። የአዛውንቱን ስም እንኳ አልጠየቅኩም።

እናንተስ፣ የምትወዱትን ሰው ሳታውቁ ወደ አደጋ የጠራችሁበት ቀን አለ? ንገሩኝ፤ ይህን ስሜት ብቻዬን መሸከም አቅቶኛል።