የፉአቲኖ የመጀመሪያ ክሊፕ

ፉአቲኖ በአሥራ ስምንት ዓመቷ በአውስትራሊያ፣ ከብሪዝበን አጠገብ ባለችው በሎገን ከተማ፣ በራግቢ ሜዳ ዳር፣ ከጨፋሪዎቹ የኋለኛ ረድፍ መጨረሻ ላይ ቆማ ተመልካች ታሟሙቅ ነበር። ትከሻዋ ሰፊ ስለሆነ አሠልጣኟ ሌሎቹን እንድትሸከም እንጂ ወደ ላይ እንድትወረወር አልፈቀደችላትም። እርሷ ግን ከታች ሆና የሁሉንም እግር ታጠና ነበርና፣ አሠልጣኟ ለወሊድ ስትሄድ ትርኢቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቅ ሌላ ሰው አልተገኘም። በዚያው ዓመት ያቀናበረችውን ውዝዋዜ ያየ አንድ የብሪዝበን ዘፋኝ አስጠራት፤ ሌሎችም ተከተሉት። ስድስት ዓመት ለሰው ዘፈን ውዝዋዜ ስታቀናብር ቆይታ የራሷን ዘፈን ይዛ ወደ አንድ የሙዚቃ ኩባንያ ሄደች። ኩባንያውም አልበሟን ማሳተሙን የሚወስነው የመጀመሪያውን ክሊፕ አይቶ እንደሆነ ነገራት።

ቀረጻው በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሆነ። ዳይሬክተሩ ግራንት ተመልካች ስለፈለገ ዘመድ ሁሉ ተጠራ፤ አክስቷ ሱሊያም ከፊት ተቀመጠች። በዘፈኑ መጨረሻ ሙዚቃው ይረግብና ፉአቲኖ ብቻዋን፣ በእጆቿ፣ በሳሞአ ወግ በዝግታ ትጨፍራለች። በእኛ በሳሞአውያን ዘንድ ልጅ እንዲህ ስትጨፍር ዘመድ በዙሪያዋ እየጮኸና እየተንከባለለ ራሱን መሳቂያ ያደርጋል፤ የእርሷ ግርማ የሚጎላው በዚያ ነው። ብቻዋን የተተወች ልጅ ወገን የላትም። ቀረጻ ከድግስ እንደሚለይ ደግሞ ለሱሊያ ማንም አላስረዳትም።

“ምን ተጎልታችሁ ታያላችሁ? ልጅቷ እኮ ብቻዋን ናት!” አለችና ጫማዋን ወርውራ መድረኩ ላይ ወጣች፤ እየጮኸች በደረቷ ተዘረጋች።

“አቁሙ!” አለ ግራንት። “እኚህ ሴትዮ ማናቸው?”

“አክስቷ ነኝ! አንተስ የማን ነህ?”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፉአቲኖ ግን አላቋረጠችም፤ ካሜራውም አልቆመም።

ሱሊያን በሁለት ዲያቆናት መካከል አስቀምጠው ደግመው ቀረጹ። ከዚያም ሁለቱን አስተያዩ።

“ሁለተኛው ንጹሕ ነው” አለ ግራንት።

“ንጹሕማ ነው። ግን እጄን እየው፣ ቀዝቅዟል። በመጀመሪያው አክስቴ ስትራወጥ ነው የእኔ ዝግታ የሚታየው።”

“ኩባንያው ባይወደውስ?”

“አልበሙ ይቅራ! ሁለተኛውን ግን በስሜ አላወጣም።”

የመጀመሪያው ተላከ፤ ኩባንያው ግን ሦስት ሳምንት መልስ አልሰጠም። በእነዚያ ቀናት ሱሊያ፣ “‘አበላሸሽባት’ አሉኝ” ብላ መጣች፤ ፉአቲኖም፣ “ተያቸው፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?” ብላ አብራት ምሳ በላች። በአራተኛው ሳምንት ስምምነቱ ተፈረመ፤ ክሊፑ ከነሱሊያ ወጣ፤ የገና በዓል ሲደርስ ዘፈኑን የማያውቅ የታክሲ ሹፌር በብሪዝበን አልነበረም።

ለአልበሙ ምርቃት ሲዘጋጁ፣ የእያንዳንዱን ጨፋሪ ጣት ሳይቀር የምትቆጥረው ፉአቲኖ የእያንዳንዱን ሰው ቦታ የጻፈችበትን ወረቀት ይዛ አክስቷ ዘንድ ሄደች።

“አክስቴ፣ የቱ ጋ እንደምትወድቂ እንለማመድ?”

“ይለማመዱታል እንዴ? ደስ ባለኝ ቦታ ነው የምወድቀው!”

ፉአቲኖ ስቃ የአክስቷን ቦታ በወረቀቷ ላይ ባዶ ተወችው።