ያስጠፋሁት ጢስ

ሐምሌ ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከወረታ ከተማ አጠገብ፣ በፎገራዋ ቁሐር ሚካኤል፣ በወይዘሮ ጥሩነሽ ደጅ ቆሜ ዋሸሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወረታ የተመደብኩት ለአርቢዎች የከብት ጤና አያያዝ ላስተምር ነበር። አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር፤ በልቼ እንደሆነ የሚጠይቁኝ ወይዘሮ ጥሩነሽ ብቻ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከአንዲት ዳለቻ ባዝራ በቀር የሚጋልቡት የሌላቸው ሴት ናቸው። ገጣባ ያለበት አጋሰስ፣ ዓይኑ ያበጠ በሬ ሁሉ ወደ እሳቸው ይነዳል፤ ሰፈሩ የሚያከብራቸው በዚህ ፈዋሽ እጃቸው ነው።

ዝንብን የሚከላከሉት በጢስ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኩበትና እርጥብ የወይራ ቅጠል በበረቱ በር ያጤሳሉ፤ ባዝራዋም ራሷ መጥታ ከጢሱ ውስጥ ትቆማለች። እኔ ግን ጢሱ ዓይን ይጎዳል ብዬ አስጠፋሁት። በምትኩ ፋንድያው በግቢው ላይ ሳስቶ ይሰጣ፣ የዝንቡን ትል ፀሐይ ይገድለዋል አልኩ። መጽሐፌ እንዲያ ይላልና።

«በሐምሌ?» አሉ፣ ውሃ የተኛበትን ሜዳ እያዩ። «ልጄ፣ ፀሐዩን በአገልግል ቋጥረሽ መጥተሽ ይሆን?»

አልሳቅሁም። እሳቸው ግን እንግዳ ላለማሳፈር ያልኩትን ሁሉ አደረጉ። የተሰጣው ፋንድያ በዝናብ ጭቃ ሆነ፤ ግቢው ዝንብ ፈላበት። ጢስ ያጣችው ባዝራ ዓይኗን ዝንብ ወረሰው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግራ ዓይኗ ጠፋ።

በዚያች ዕለት፣ ሐምሌ ፳፩፣ አለቃዬ ሊጎበኙ መጡ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። ይህ ሁሉ ፋንድያ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔም፣ «ከምረው እንዲሸፍኑት ነግሬያቸው ነበር፤ አልሰሙኝም» አልኩ።

ማን አስገደደኝ? ማንም። ፈርቼ ነው ልበል? አልፈራሁም፤ አፈርኩ። ኀፍረቴንም አንስቼ በእሳቸው ትከሻ ላይ ጫንኩት።

«ባለመድኃኒቷ ደግሞ ዝንብ ማርባት ጀመሩ?» አለ አንድ ጎረቤት። ሌሎቹ ሳቁ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ አዩኝ። ቃሌን እንዳርም ጠበቁኝ። እኔ ደብተሬን አየሁ።

«እንግዲህ እሷ ነው ካለች ነው» አሉና የባዝራዋን ዓይን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት።

ከዚያ ወዲህ የታመመ ከብት ወደ ደጃቸው የሚነዳ ጠፋ። በወረታ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በልተሻል ወይ የሚለኝ ሰው እኔም አላገኘሁም። ይህን እንደ ቅጣት ቆጥሬ ልጽናና? አይገባኝም። ጢሱን ያስጠፋሁ እኔ ነኝ። ፋንድያውን ያሰጣሁ እኔ ነኝ። የዋሸሁም እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ በፎገራ ሐምሌ ፀሐይ እንደሌለው ሕፃንም ያውቃል።

በዋሸሁ ማግስት ጠዋት፣ በሁለት ሰዓት፣ አለቃዬ የወይዘሮ ጥሩነሽ ስም ከእኛ ጋር ከሚሠሩት አርቢዎች ዝርዝር እንዲወጣ ወሰኑ። እኔ ዝም ለማለት ወሰንኩ። ስማቸውን የሰረዝኩትም እኔው ነኝ፤ መስመሩ እንዳይጎብጥብኝ በማስመሪያ።