የጓሮው መሹለኪያ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ዳንግላ ላይ አንድ የእህል መጋዘን በር ነበር። ከዚያ በፊት በጋሽ ምናሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጥ ነበር። ካሜራ መግጠም ማንም አላስተማረኝም፤ ሱቁ ጭር ሲል በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ የተበላሸውን እየፈታሁ ለመድሁት። አንድ ቀን ካሜራ የሚገጥምለት ሠራተኛ ሲቀርበት ጋሽ ምናሉ መሰላሉን አሸክሞ ወሰደኝ።

ካሜራውን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጌ ገጠምሁት። በማግሥቱ ጠዋት ባለመጋዘኑ ስልኩን ይዞ መጣ፤ ምስሉ ነጭ ብቻ ነው። ጋሽ ምናሉ አየውና፣ «እንዴ እታለም፣ ፀሐይቱ እህል ትሰርቃለች ብለሽ ነው?» አለኝ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ስህተቴ የሚያስቅ ነበር።

ኋላ እንጅባራ ላይ የራሴን ሱቅ ከፈትሁ። እዚህ አየሩ ራሱ ያስተምራል። ጉም ሲወርድ የካሜራው መብራት ጉሙ ላይ ያርፍና ምስሉን ግድግዳ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ዝቅ አድርጎ መትከል ነው። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ ያለው፣ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ሚሞሪ ካርድ የሚወስድ እመርጣለሁ። «ኔትወርክ ባይኖርም ካርዱ ይቀዳል» እያልሁ ለደንበኛ ስናገር እኮራ ነበር።

መላኩ የሚባል ባሕር ዳር የሚሠራ ልጅ ለእናቱ ቤት ካሜራ አዘዘኝ። እናቱ እማማ ጥሩዬ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በዚያ ሰሞን ከበረታቸው በግ ጠፍቶባቸዋል። ልጅየው ያዘዘኝ ስለ በጉ አልነበረም፤ ለእሳቸው ሰግቶ ነው። እሳቸው ግን መሰላሉን ስዘረጋ አይተው ሳቁብኝ።

«እኔን ደግሞ ምን ሊያደርጉኝ ነው የሚሰርቁኝ? የሰረቀኝ እንግዲህ ይጡረኝ!»

መላኩ በስልክ፣ «በጓሮ በኩል አድርጊልኝ፤ በጉ የወጣው በዚያ ነው» አለ። ጓሮው በቀርከሃ የታጠረ ነው፤ አጥሩ መካከል ሰው የሚያሾልክ ክፍተት አለ። ጎረቤታቸው የሻረግ የምትገባው በዚያ ነበር። በቀን አምስቴ፣ ስድስቴ፤ ወንፊት ልትመልስ፣ እሳት ልትጭር፣ አንዳንዴም ለምንም። የፊት በር ሁልጊዜ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

ካሜራው ሰው ባየ ቁጥር የመላኩ ስልክ ይጮኻል። ሳምንት ሳይሞላ ደወለልኝ። «እህቴ፣ ስብሰባ ላይ እንኳ የሻረግ ናት የምትታየኝ። ኧረ አንድ ነገር አድርጊ!»

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ሁለት ብሎን አላልቶ ካሜራውን ትንሽ ወደ ግራ ማዞር ነው፤ መሹለኪያው ከምስሉ ይወጣል፣ በረቱ ይቀራል። ግን ካፊያ ነበር፤ መሰላሌም ሌላ ቤት ቀርቷል። ሰው መለመን ቀለለኝ። የሻረግን አጥሩ ሥር አገኘኋትና፣ «እቴ የሻረግ፣ ካሜራው እየጮኸ አስቸገረ፤ እስቲ ለጊዜው በፊት በር ዙሪ» አልኋት።

«ለምን? በጉን የበላሁት እኔ ነኝ?»

«ኧረ እንዲያ አልወጣኝም!»

«ሳይወጣሽ ነው ያንን የሰቀልሽብኝ?» ካሜራውን በአገጯ አሳየችኝ። ቀጥላ በአውኚ ቋንቋ አንድ ነገር ጣል አደረገች፤ እንደምሰማ እያወቀች። እሱን አልጽፈውም።

በማግሥቱ መሹለኪያውን በአዲስ ቀርከሃ ጠረቀመችው። የመላኩ ስልክ ጸጥ አለ። «እጅሽ ይባረክ፣ ተስተካከለ» ብሎ አመሰገነኝ።

እማማ ጥሩዬ ግን ደወሉ። «ልጄ፣ የሻረግን ምን አልሻት? በፊት በር መጥታ ‹ቤቶች!› ትላለች አሉ፤ የኔ ጆሮ እስከዚያ አይሰማ። ሲደክማት ትመለሳለች።»

«አነጋግራታለሁ፣ እማማ» አልኋቸው። ሥራ በዛብኝ። አላነጋገርኋትም።

ክረምት ገባ። ኔትወርክ ለቀናት ጠፍቶ በተመለሰበት ሰሞን መላኩ ጥቁር ለብሶ ሱቄ በር ላይ ቆመ። «እናቴን ቀበርናት» አለኝ። ጓሮ ወድቀው ያገኘቻቸው የሻረግ ናት፤ ረፍዶ ከቤታቸው ጭስ ሳይወጣ ሲቀር አጥሩን ጥሳ ገብታ። መላኩ እንዴት እንደሞቱ ማወቅ ፈለገ። «ካርዱን ክፈችልኝ» አለ።

በእማማ ጥሩዬ ቤት ሦስታችን ተቀመጥን፤ እሱ፣ እኔ፣ የሻረግ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ከመገኘታቸው በፊት በነበረው ቀን፣ ጠዋት። እማማ ጥሩዬ እንጨት ታቅፈው ከዝናቡ ሲሸሹ ጭቃው አንሸራተታቸው። ሊነሡ ሞከሩ፤ ዳሌያቸው እምቢ አለ። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፤ መሹለኪያው ወደነበረበት። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ካሜራው ድምፅ አይቀዳም።

«ስሜን ነው» አለች የሻረግ። «እኔን ነው የሚጠሩ። ቤት ነበርሁ እኮ! ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምን ልስማ?»

መላኩ አሳልፊው አለኝ፤ አሳለፍሁት። ዝናቡ ሲያባራ አፋቸው አይንቀሳቀስም፤ እጃቸው ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ እጃቸውም ቆመ።

«ለኔ አልጮኸም» አለ መላኩ።

«ኔትወርክ አልነበረም።»

«ግን ቀድቷል።»

«ቀድቷል» አልሁ።

«እንግዲያ ካሜራሽ ምንም አልጎደለውም።» ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስለዚያች የካፊያ ቀን፣ ስለ ሁለቱ ብሎን ነገርሁት። ካርዱን አውጥቶ ኪሱ ከተተው። የሻረግ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሰላም ስላት አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች።

አሁንም ካሜራ እገጥማለሁ፤ ሌላ ሙያ የለኝም። መሰርሰሪያውን ከማንሣቴ በፊት ሰው ወደዚያ ቤት በየት እንደሚገባ እጠይቃለሁ፤ እዚያ ላይ አልገጥምም። ይህን ማወቄ ለእማማ ጥሩዬ የሚያደርግላቸው የለም። በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይህንኑ ነው፦ ጩኸት ሲበዛ መሰላል ውጡና ካሜራውን አዙሩ። ጎረቤትን በሌላ በር ዙር አትበሉ።