በዳዊቱ ጥግ የተሰፋች ፈትል

ዝናብ የነካው የበግ ጠጉር ሽታ አያሳልፈኝም። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፣ እኔ እቆማለሁ። ባለፈው ሰሞን ገበያ መሃል አንድ የጠጉር ባና ሻጭ ካፊያ ደርሶባቸው ባናቸውን ሲጠቀልሉ ሽታው መጣና ልቤን ስንጥቅ አደረገው። "እትዬ፣ አይገዙኝም?" ቢሉኝ ጥያቸው ሄድኩ። በቀጥታ ቤቴ ገብቼ የወንድሜን ዳዊት ከሳጥን አወጣሁና ጥጉን አሸተትኩት። ሞኝ ነሽ ካልሽኝም በይኝ።

ያኔ ቤታችን ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ነበር። ከጓሳ የሚወርደው ንፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው የኛን በር ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ እናቴ ጠጉር ትፈትላለች። ወንድሜ በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል፤ እሱ ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ እኔ ገና ፊደል እቆጥር ነበር። ዓይኑን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያመዋል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየበቀለ ይወጋዋል። ጠዋት ፀሐይ ደጃፉን ስትነካ እናቴ ራሱን ጭኗ ላይ ታስተኛና ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ በምታንጠለጥላት ወረንጦ ትነቅልለታለች።

"እሰይ የኔ ጀግና፣ አንዲት ብቻ ቀረች" ትለዋለች። ሁልጊዜም አንዲት ብቻ እንደቀረች ነው። እሱ እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ የትናንቱን ትምህርት በቃሉ ይወጣላታል። እናቴ ፊደል አትለይም፤ ቢሆንም "ጎሽ! ከዚያስ?" እያለች ታዳምጠዋለች።

ትምህርት እንዴት ያለ ፍቅር ነበረው መሰለሽ! ስምንተኛ ክፍልን ማለፍ፣ አስተማሪ ሆኖ እዚያው መሐል ሜዳ ተመልሶ ማስተማር፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ጫማ ሳይሆን ጠመኔ ነበር የሚያምረው።

ትምህርት ቤት ጠዋት ሰልፍ ላይ ዳዊት የሚደግመው እሱ ነው፣ የቄስ ልጅ አይደል። አንድ ቀን አንዱ ቀልደኛ የትምህርት ቤቱን ዳዊት ገልብጦ አቀበለው። ወንድሜ ተቀበለና እንዲያው ምንም ሳይል ይወርደው ጀመር። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ጠጋ ብለው መጽሐፉን አዩት፣ ተደነቁ። በቄስ ትምህርት ቤት አንድን ዳዊት ብዙ ልጅ ከቦ ስለሚማርበት፣ ከማዶ የተቀመጠው በግልባጩ ማንበብ ይለምዳል፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። "የቄስ ልጅ ማለት እንዲህ ነው! አጨብጭቡለት!" አሉ። ተጨበጨበ። እኔማ ኩራቱ ሊገድለኝ! ትምህርት እንዳለቀ ሮጬ እቤት ገባሁና ለእናቴ ነገርኳት።

እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች። አልሳቀችም። "በግልባጩ?" አለችኝ።

"አዎ፣ ሁሉም አጨበጨበለት እኮ!"

"እሱ መቼ ከልጆች ጋር ከቦ ተማረ? ዳዊቱን የደገመው እዚሁ፣ ከአባትሽ ጉልበት ስር ብቻውን ነው።" ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። "አያይም። ልጄ አያይም፤ በቃሉ ነው።"

ወንድሜ ሲመጣ ያዘችው። መጀመሪያ ካደ። ኋላ ግን ድምፁ ተሰበረ፤ "ከተናገርኩ ታስቀሩኛላችሁ" አለ። ለካ ጥቁር ሰሌዳው ከጠፋበት ቆይቷል፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ በሹክሹክታ እያነበበለት ነበር የሚማረው። እኛ ደግሞ ጎበዝ እያልን እናጨበጭባለን። ዛሬም ጭብጨባ ስሰማ ደስ አይለኝም።

የፈራው አልቀረም። አባቴ "ጸበል ይጠመቅ፤ ካልዳነም ዜማ ይማር። ዜማ ጆሮ እንጂ ዓይን አይፈልግም" አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፣ ፈርተው ነው። እናቴ ግን በማግስቱ እኔን አስከትላ ትምህርት ቤት ሄደች። አስተማሪው ፊት ቆማ "የኔ ጌታ፣ ልጄ ማየት ተስኖታል። እንዳያባርሩብኝ" አለቻቸው። ወጣት ነበሩ። ያን የሰልፉን ቀን አስታውሰው መሰለኝ ፊታቸው ቅልት አለ። "እኔ ነኝ ያላየሁት እናቴ" አሏት።

ከዚያን ቀን ወዲያ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉትን ሁሉ እየጮኹ እያነበቡ ነበር የሚጽፉት። ክሊኒክም ራሳቸው ወሰዱት። የክሊኒኩ ድሬሰር ቅባት ሰጠውና ለእናቴ "ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ" አላት። ያችን ቃል እስክትሞት አልረሳቻትም።

እቤት ደግሞ የማነብለት እኔ ሆንኩ። ፊደሉን መዳፌ ላይ በጣቱ እየጻፈ ያስለየኝና በሱው ፊደል ለሱው አነብለታለሁ። ስሳሳት "ተመለሽ፣ ዋጥሻት!" ይለኛል። እናቴ በበኩሏ "የመጽሐፉ ራስጌ በየት በኩል ነው?" ብላ ጠየቀችኝና በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ፣ የላይኛው ጥግ ላይ፣ ጥቁር የጠጉር ፈትል ቋጥራ ሰፋችለት። "ከእንግዲህ ልጄ ላይ ማንም አይስቅም" አለች። እሱም መጽሐፍ በያዘ ቁጥር መጀመሪያ ጥጉን ይዳስሳል። ዝናብ ሲመታን ደብተሩም መጽሐፉም በግ በግ ይሸት ነበር።

እንዲህ እየተደጋገፍን ስምንተኛ ክፍል አደረስነው። የፈተናው ዕለት አባቴ ሳይቀሩ ሸኙት። አስተማሪው ጥያቄውን ሊያነቡለት ከጎኑ ተቀመጡ። ከሌላ አውራጃ የመጣው ፈታኝ ግን "ሕጉ አይፈቅድም። ራሱ ያንብብ" አለ። አስተማሪው ለመኑ፣ ተቆጡ፣ ምንም አልሆነ። እናቴና እኔ ከአጥሩ ውጭ ነበርን። ወንድሜ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወጣ። "መልሱን እኮ አውቀው ነበር እምዬ" አላት። መንገዱን ሙሉ እጁን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችው።

ክረምቱ እንዳለፈ ዜማ ሊማር ሄደ። መሪጌታ ሆነ፤ የተከበረ ሰው ሆነ። አስተማሪ የሆንኩት እኔ ነኝ፣ እሱ መዳፌ ላይ በጻፈው ፊደል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሰሌዳ ላይ እየጮኽኩ ነው የጻፍኩት። የሥራ ባልደረቦቼ "ምን ያስጮኻታል?" ይሉ ነበር። ይበሉ!

እናቴ ከመሞቷ በፊት ለወንድሜ "ስሞት በዚያ በሰፋሁልህ ዳዊት ድገምልኝ" ብላው ነበር። ሰልስቷ ዕለት ከካህናቱ መሃል ተቀመጠና ዳዊቱን ዘረጋ። ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል፤ መጽሐፉን የያዘው ቃሏን ለመጠበቅ ነው። እንደ ልማዱ ጣቱን ወደ ጥጉ ሰደደ። ፈትሏ አርጅታ ወልቃለች። ወዲያ ፈለገ፣ ወዲህ ፈለገ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዳዊት ላይ ተደናቅፎ የማያውቅ ሰው፣ መጀመር አቃተው። ካህናቱ አንገታቸውን ደፉ። መጽሐፉ ተገልብጦ ነበር።

"እህቴ፣ ጥጉ የት ሄደ?" አለኝ።

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። እናቴ ሳትጨርሰው የሞተችው ጥቁር ፈትል እንዝርቷ ላይ እንዳለ ነበር። በጥርሴ በጠስኩና መርፌ ይዤ ወጣሁ፤ ለቀስተኛው ሁሉ እያየኝ፣ እንባዬ መርፌውን እየጋረደኝ፣ እዚያው እግሩ ሥር ተቀምጬ ሰፋሁለት። ከዚያ መጽሐፉን አዙሬ ጣቱን አስነካሁት። ዳሰሳት። ወደ አፍንጫውም አስጠጋት።

"ቀና ነው?" አለኝ።

"ቀና ነው" አልኩት። ጀመረ።